ያረጁ ብራንቾችን ሥራ ሳያጠፉ ማጽዳት

ጊት ውስጥ ብራንች የሥራዎ ቅጂ አይደለም፤ አንድን ኮሚት የሚጠቁም ስም ነው። ሪፖዚቶሪዎ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጠውን የጊት ፎልደር ከፍተው «ሬፍስ»፣ ከዚያ «ሄድስ» ወደሚለው ቢገቡ፣ እያንዳንዱን ብራንች አንዲት ትንሽ ፋይል ሆኖ ያገኙታል። ፋይሏ የያዘችው የኮሚቱን መለያ ብቻ ነው፤ 40 ቁምፊና አንድ የመስመር መጨረሻ፣ ባጠቃላይ 41 ባይት። ጊት አንዳንዶቹን ሰብስቦ በአንድ ፋይል ስለሚያሽጋቸው ሁሉንም እዚያ ላያዩ ይችላሉ፤ መጠናቸው ግን ያው ትንሽ ነው። ስለዚህ «ብራንች በዛና ሪፖው ከበደ» ብሎ የሚያማርር ባልደረባ ካለ ጥፋተኛውን ሌላ ቦታ ይፈልግ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ሳያስብ ኮሚት ያደረገው ቪዲዮ ወይም የዳታቤዝ ቅጂ ነው።

ክብደቱ የሚያርፈው ሰዎቹ ላይ ነው። ተርሚናል ላይ የብራንቹን ስም ጀምረው ታብ ሲጫኑ አርባ ስም ይደረደራል። አዲስ የተቀጠረ ልጅ «ፔይመንት-ፊክስ»፣ «ፔይመንት-ፊክስ-2» እና «ፔይመንት-ፋይናል» የሚሉ ሦስት ስሞች አይቶ የትኛው ሕያው እንደሆነ ለማወቅ ሰው ፍለጋ ይነሳል። ማንም የማያስታውሰው «ሎጊን» የሚባል ብራንች ካለ ደግሞ «ሎጊን/ኦቲፒ» የሚል አዲስ ብራንች መፍጠር አይቻልም፤ የመጀመሪያው ፋይል ነው፣ ሁለተኛው በዚያው ስም ፎልደር ይፈልጋል፣ ሁለቱ አብረው አይኖሩም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው፦ ከሞቱት ስሞች መካከል አንዱ ማንም ዋናው ብራንች ላይ ያላስገባው እውነተኛ ሥራ ይዞ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ በብዛቱ ተሸፍኖ የሚያየው የለም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ መሰረዝ የሚናገረው ጥቂት ነው። መሰረዝ የአንድ መስመር ትዕዛዝ ነው። ድካሙ ያለው የብራንቹ ሥራ ዋናው ብራንች ላይ መግባቱን በማረጋገጥ ላይ ነው፤ ጥሩ ስክሪፕትም ጉልበቱን የሚያጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ትዕዛዞቹን የምጽፋቸው ሲነበቡ በሚሰጡት ድምፅ ነው፤ ተርሚናሉ ላይ እንደወትሮው በላቲን ፊደል ያስገቧቸው። ሰረዙ፣ ነጥቡና የእኩል ይሆናል ምልክቱ ባሉበት ይቀመጣሉ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ለውጥ በሚያመጣበት ቦታ ለይቼ እናገራለሁ። ዋናውን ብራንች «ሜይን» እለዋለሁ፤ ጊትሃብ ለአዳዲስ ሪፖዎች ይህን ስም መስጠት የጀመረው በጥቅምት 2020 ነው (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር)፣ የቆየ ሪፖ ካለዎት የእርስዎ «ማስተር» ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ማሽንዎን ከሰርቨሩ ጋር ያስታርቁ

አንድ ብራንች ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ልንል እንችላለን። አንዱ በእርስዎ ማሽን ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም ጊትሃብ ወይም ጊትላብ ላይ ያለው። ሦስተኛው ማሽንዎ ሰርቨሩን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያነጋግር ያየው ትዝታ ነው፤ በስሙ ፊት «ኦሪጂን/» የሚል የሚቀድመው። ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ከሦስተኛው ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው ብራንች ከተሰረዘ ወራት አልፈውት፣ ተከራዩ ለቆ ከሄደ በኋላ በሩ ላይ እንደቀረ ስም፣ እርስዎ ዘንድ ግን ይቀመጣል። የሚያነሳው ይህ ነው፦

ጊት ፌች --ፕሩን ኦሪጂን

ይህ ትዕዛዝ የሚያጠፋው ትዝታውን ብቻ ነው። የራስዎን ብራንቾችም፣ ሰርቨሩ ላይ ያሉትንም አይነካም፤ ሳይፈሩ ይጠቀሙበት። ሁልጊዜ እንዳይጽፉት አንዴ ብቻ

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ፌች.ፕሩን ትሩ

ብለው ይገላገሉ። ፌች ሲያደርጉ «ሬፍ መቆለፍ አልተቻለም» የሚል ትርጉም ያለው ስህተት ከመጣብዎት፣ ከላይ ያነሳሁት የ«ሎጊን» ጉዳይ ሊሆን ይችላል፦ ሰርቨሩ ላይ አሮጌው ተሰርዞ «ሎጊን/ኦቲፒ» ተፈጥሯል፣ የእርስዎ ማሽን ግን አሁንም አሮጌውን ስም ይዟል። «ጊት ሪሞት ፕሩን ኦሪጂን» ይፈታዋል።

ቀጥሎ ሜይን ላይ ይቁሙና ያዘምኑት። ይህን ቸል ካሉ ከዚህ በኋላ የሚያገኙት መልስ ሁሉ የባለፈው ወር መልስ ነው።

አሁን ዝርዝሩን ይመልከቱ። ብዙ ሰው «ጊት ብራንች» ብሎ ያልፋል፤ ለዓይን ይበቃል፣ ለስክሪፕት ግን አይሆንም፤ ወደ ምክንያቱ በኋላ እመለሳለሁ። የሚሻለው ይህ ነው፦

ጊት ፎር-ኢች-ሬፍ --ሶርት=ኮሚተርዴት ሬፍስ/ሄድስ

«--ፎርማት» የሚለውን ጨምረው ቀኑን፣ የብራንቹን አጭር ስምና የመጨረሻውን ኮሚት የጻፈውን ሰው ስም እንዲያወጣልዎ ያድርጉ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይደረደራል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጊት ለእያንዳንዱ ኮሚት ሁለት ቀን ይይዛል፦ ሥራው መጀመሪያ የተጻፈበትና ኮሚቱ አሁን ባለው መልኩ የተሠራበት። አንድ ሰው ከዓመት በፊት የሠራውን ትናንት ሪቤዝ ቢያደርገው ሁለተኛው ቀን ትናንት ይሆናል፣ የመጀመሪያው ግን ዓመቱን እንደያዘ ይቀራል። ለጽዳት የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፤ ትናንት ሰው የነካው ነገር ባለቤት አለውና።

ጊትሃብ በራሱ የብራንቾች ገጽ ላይ ሦስት ወር ኮሚት ያልተደረገበትን ብራንች ከንቁዎቹ ለይቶ ያስቀምጣል። ወሰኑ መጥፎ አይደለም። ግን ዕድሜ ባለቤቱን ለመጠየቅ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመሰረዝ ማስረጃ አይሆንም። በይነመረቡ ላይ የሚዞሩ «ከ90 ቀን በላይ የሆነውን ሁሉ አጥፋ» የሚሉ ስክሪፕቶችን የማልወደው ለዚህ ነው። ወሊድ ፈቃድ የሄደች ባልደረባ ሥራዋን ከ90 ቀን በኋላ ተመልሳ ትፈልገዋለች።

ማስረጃው

ሥራው መግባቱ የሚረጋገጥባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ጥንካሬያቸውም እኩል አይደለም። ከቀላሉ ይጀምሩ፦

ጊት ብራንች --መርጅድ ሜይን

ይህ የመጨረሻ ኮሚታቸው በሜይን ታሪክ ውስጥ የሚገኝ ብራንቾችን ብቻ ያወጣል። እዚህ ዝርዝር ውስጥ የገባ ብራንች ቢሰረዝ አንዲት ኮሚት አትጠፋም፤ የብራንቹ ስም ብቻ ነው የሚነሳው። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ አሁን የተፈጠረና ገና ምንም ኮሚት ያልተደረገበት ብራንችም እዚህ ውስጥ ይታያል። ሥራ አይጠፋም፣ ግን ጠዋት ብራንች ከፍታ ሻይ ልትጠጣ የወጣችን ልጅ ማናደድ ይቻላል።

መሰረዣው «ጊት ብራንች» ከትንሹ ዲ ጋር ነው። ትንሹ ዲ አረጋግጦ ይሰርዛል፣ ትልቁ ዲ ሳይጠይቅ ይሰርዛል። ትንሹ ዲ የሚያረጋግጠው ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ሁልጊዜ ከሜይን ጋር አይደለም። ብራንቹ ሰርቨሩ ላይ የተያያዘ አቻ ካለው የሚያመሳክረው ከዚያ አቻው ጋር ነው፤ አቻ ከሌለው አሁን ከቆሙበት ብራንች ጋር። ስለዚህ ፑሽ የተደረገ፣ ሜይን ላይ ግን ያልገባ ብራንች በትንሹ ዲ ይሰረዛል፤ ጊት የሚያወጣው አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር ብቻ ነው፣ ያንንም ስክሪፕት ውስጥ የሚያነበው የለም። ሥራው ሰርቨሩ ላይ ስላለ አልጠፋም። ነገር ግን ቀጥሎ ሌላ ስክሪፕት ሰርቨሩን ሊያጸዳ ሲመጣ ሁለተኛው ቅጂ የለም።

አሁን ወደ እውነተኛው ችግር። ብዙ ቡድኖች ፑል ሪኩዌስት የሚዘጉት በስኳሽ መርጅ ነው፤ የብራንቹ አሥር ኮሚቶች ተጨፍልቀው አንድ አዲስ ኮሚት ሆነው ሜይን ላይ ይገባሉ። ሥራው ገብቷል፣ የአዲሱ ኮሚት መለያ ግን ከአሥሩ ከአንዳቸውም ጋር አይመሳሰልም። ለጊት እነዚያ አሥር ኮሚቶች ሜይን ላይ የሉም። «--መርጅድ» ዝም ይላል፣ ትንሹ ዲ እምቢ ይላል፣ ሰውም ይሰለቸውና ትልቁን ዲ መጫን ይለምዳል። ሥራ የሚጠፋው ከዚህ ልማድ ነው።

መውጫው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ጊት ራሱ ስኳሹን እንዲያስመስል ማድረግ ነው። «ጊት መርጅ-ቤዝ» ሜይንና ብራንቹ የተለያዩበትን ኮሚት ይሰጥዎታል። «ጊት ኮሚት-ትሪ» ደግሞ የብራንቹን የመጨረሻ ይዞታ ወስዶ፣ ያንን የመለያያ ኮሚት እንደ ወላጅ ይዞ፣ አንድ ጊዜያዊ ኮሚት ይሠራል፤ ማለትም የብራንቹ ሥራ ሁሉ ተጨፍልቆ አንድ የሆነበት። ይህ ኮሚት ስም የለውም፣ ብራንችም አይቀይርም፤ ጊት በጊዜው ራሱ ይጠርገዋል። ከዚያ

ጊት ቼሪ ሜይን

ብለው የዚያን ኮሚት መለያ ያስከትሉ። ጊት ቼሪ መለያ አያይም፣ የለውጡን ይዘት ነው የሚያመሳክረው። በመቀነስ ምልክት የሚጀምር መስመር ከመለሰ አቻው ለውጥ ሜይን ላይ አለ። በመደመር ምልክት ከጀመረ አላገኘውም። አንዳንድ ጊዜ ሥራው ገብቶም መደመር ሊወጣ ይችላል፣ ለምሳሌ መርጅ ሲደረግ ግጭት ተፈቶ ጥቂት መስመሮች ተለውጠው ከሆነ። የሚሳሳተው ግን ለጥንቃቄ በኩል ነው፤ አንድ ብራንች ያለ ጥፋቱ ይተርፋል እንጂ ያለ ማስረጃ አይሞትም።

ሁለተኛው መንገድ ጊትሃብን መጠየቅ ነው። «ጂ ኤች» የሚባለውን የጊትሃብ የትዕዛዝ መስመር መሣሪያ ከጫኑ «ፒ አር ሊስት» የሚለው ንዑስ ትዕዛዝ፣ መርጅ የተደረጉትን ብቻ በብራንች ስም ለይቶ እንዲያወጣ ማዘዝ ይቻላል። ስሙ መገኘቱ ብቻ ግን አይበቃዎትም። «ሄድ ሬፍ ኦ አይ ዲ» የሚለውን መስክ ያስወጡት፤ ፑል ሪኩዌስቱ ሲዘጋ ብራንቹ የነበረበትን ኮሚት መለያ ይሰጥዎታል። ያ መለያ ማሽንዎ ላይ ካለው ብራንች ጫፍ ጋር አንድ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ካልሆነ ከመርጁ በኋላ የተጨመረ ነገር አለ፣ ሰው ይየው።

አንድ ሦስተኛ መንገድ በሰፊው ይዞራል፤ እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም። ፌችና ፕሩን ካደረጉ በኋላ «ጊት ብራንች» ከሁለት ቪ ጋር ቢጽፉ፣ ሰርቨሩ ላይ አቻቸው የጠፋ ብራንቾች አጠገብ «ጎን» የሚል ምልክት ያያሉ። ብዙ ስክሪፕት ይህን ምልክት ያገኘበትን ሁሉ በትልቁ ዲ ይጠርጋል። ምልክቱ የሚለው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰርቨሩ ላይ ያለው ተሰርዟል። መርጅ ተደርጎ ይሁን፣ ሐሳቡ ተትቶ ይሁን፣ ሰው በስህተት ነክቶት ይሁን አይናገርም። ማሽንዎ ላይ ፑሽ ያላደረጉት ኮሚት መኖሩንም አይናገርም። ይህን ምልክት ብራንቾቹን ለመምረጥ ይጠቀሙበት፣ ከዚያ በጊት ቼሪ ወይም በጊትሃቡ መለያ ያረጋግጡ።

ስክሪፕቱን ሲጽፉ

ቅርጹ ቀላል ነው። ዝርዝሩን ያወጣል፣ የማይነኩትን ይለያል፣ እያንዳንዱን በማስረጃው ይፈትናል፣ ውጤቱን በሦስት ክምር ያሳያል፦ መግባቱ የተረጋገጠ፣ አቻው ጠፍቶ መግባቱ ያልተረጋገጠ፣ እና ያልገባ። መሰረዝ የሚፈቀደው የመጀመሪያውን ክምር ብቻ ነው። ሲጠሩትም ዝም ብሎ የሚያሳይ ይሁን፤ እውነት እንዲሰርዝ ከፈለጉ «--አፕላይ» የሚል ቃል እንዲጨምሩ ያስገድድዎ። ተቃራኒውን አይሥሩ። ማሳየቱን አማራጭ፣ መሰረዙን ነባሪ ያደረገ ስክሪፕት አንድ ቀን በተሳሳተ ፎልደር ውስጥ ይጠራል።

ዝርዝሩን ከፎር-ኢች-ሬፍ ይውሰዱ ያልኩት እዚህ ላይ ነው የሚታየው። «ጊት ብራንች» ለሰው ዓይን የተሠራ ነው፤ አሁን ያሉበትን ብራንች በኮከብ ምልክት፣ በሌላ ወርክትሪ የተከፈተውን በመደመር ምልክት ያስጌጣል። ውጤቱን በቀጥታ ወደ ፎር ሉፕ ካስገቡት ሼሉ ኮከቡን «እዚህ ያሉ ፋይሎች ሁሉ» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ስክሪፕትዎም «ሪድሚ» የሚባል ብራንች ሊሰርዝ ይነሳል። ፎር-ኢች-ሬፍ ጌጥ የለውም፤ ስሙን ብቻ፣ በየመስመሩ አንድ። እሱን በ«ዋይል ሪድ» ከትንሹ አር ጋር ያንብቡት።

የማይነኩትን ሲለዩ ስሙ በሙሉ መመሳሰሉን ይፈትሹ። «ግሬፕ» ከትንሹ ቪ ጋር አድርገው «ሜይን» የሚለውን ፊደል የያዘ መስመር ሁሉ ይውጣ ካሉ «ዶሜይን-ፊክስ» የሚባለው ብራንችም አብሮ ይጠበቃል፤ በላቲኑ አጻጻፍ አንዱ በሌላው ውስጥ አለና። ይህ ጉዳት የለውም፣ አንድ አሮጌ ብራንች ከመጽዳት ያመልጣል። የሚያመው ተቃራኒው ነው፦ ሜይንን ብቻ ጠብቀው «ዴቨሎፕ» እና በ«ሪሊዝ/» የሚጀምሩትን ረስተው ከሆነ። ሪሊዝ ብራንች መርጅ ተደርጎም ሊኖር ይገባል፤ ለአንድ ደንበኛ የተሰጠ አሮጌ ስሪት ላይ ጥገና የሚደረገው እዚያ ነው። «ኬዝ» የሚለውን የሼል አወቃቀር ይጠቀሙ፤ ስሞቹን በግልጽ ያስቀምጡበት፣ የሚነበብም ነው።

ቀኑን በተመለከተ፣ ሊኑክስና ማክ «ዴት» የሚለውን ትዕዛዝ በተለያየ መንገድ ነው የሚጠቀሙት፤ አንዱ ላይ የሚሠራው «ከ90 ቀን በፊት» የሚል አጻጻፍ ሌላው ላይ ስህተት ነው። ከዚህ ሁሉ ይውጡ። ፎር-ኢች-ሬፍ ቀኑን በሰከንድ ቆጥሮ እንዲሰጥዎ ማዘዝ ይችላሉ፣ «ኮሚተርዴት» ከሚለው በኋላ ሁለት ነጥብና «ዩኒክስ» በመጨመር። የአሁኑን ሰዓትም በሰከንድ ይውሰዱ፣ ከዚያ 7,776,000 ይቀንሱ። ያ 90 ቀን ነው። ማክ ላይ የሚመጣው ባሽ አሮጌው 3.2 መሆኑንም ያስቡ፤ «ማፕፋይል» የሚለውን የመሰሉ አዳዲስ ነገሮች እዚያ የሉም፣ ዋይል ሪድ ግን የትም ይሠራል። ዊንዶውስ ላይ ያሉ ባልደረቦችም ከጊት ጋር የሚመጣው ባሽ ስላላቸው አይቀሩም።

ሌሎች ሁለት ጥቃቅን እሾሆች። ስክሪፕቱ ስህተት ሲገጥመው እንዲቆም «ሴት» ከትንሹ ኢ ጋር ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ግሬፕ ምንም ሳያገኝ ሲቀር ራሱን እንደ ስህተት ይቆጥራል። የሚጸዳ ብራንች በሌለበት ቀን ስክሪፕትዎ ያለ አንዲት ቃል ይሞታል፣ እርስዎም ተበላሸ ብለው ይደክማሉ። ሌላው፣ በሉፑ ውስጥ «ይሰረዝ ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ከሆነ መልሱን ከ«ዴቭ/ቲቲዋይ» እንዲያነብ በግልጽ ይንገሩት። ካልነገሩት መልሱን የሚያነበው ከብራንቾቹ ዝርዝር ነው። የሚቀጥለው ብራንች ስም በ«ዋይ» የሚጀምር ከሆነና ስክሪፕቱም የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ የሚያይ ከሆነ ራሱን ጠይቆ ራሱ «አዎ» አለ ማለት ነው።

ከመሰረዝዎ በፊት መዝገብ

እያንዳንዱን ብራንች ከመሰረዝዎ በፊት ስሙንና የጫፉን ኮሚት መለያ በአንድ ፋይል ላይ ይጻፉ፣ ከቀኑ ጋር። ጊት ራሱ ሲሰርዝ መለያውን አሳጥሮ ስክሪን ላይ ያወጣል፤ ተርሚናሉ ሲዘጋ ግን አብሮ ይሄዳል። መለያው እጅዎ ላይ ካለ ማስመለስ ቀላል ነው፦ «ጊት ብራንች»፣ ቀጥሎ ስሙ፣ ቀጥሎ መለያው።

ይህ ለዘላለም አይሠራም። ስም የሌላቸው ኮሚቶች ጊት ጽዳት ሲያደርግ ይጠረጋሉ። ማሽንዎ ላይ በብራንቹ ላይ ሠርተው ከሆነ የሄድ ሬፍሎግ ይጠብቃቸዋል፤ ካልተቀየረ በቀር ከየትም የማይደረስባቸውን ለ30 ቀን፣ የሚደረስባቸውን ለ90 ቀን። የብራንቹ የራሱ ሬፍሎግ ግን ከብራንቹ ጋር አብሮ ይሰረዛል፤ ቆሞበት የማያውቅ ሰው የሚተማመንበት ሬፍሎግ የለውም፣ ያለው ጊት የላላ ኮሚትን ከመጥረጉ በፊት የሚታገሣት ሁለት ሳምንት ነው።

ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ክምር አንድ ቀን ሊያስፈልግ ይችላል የሚሉትን፣ ግን ከዓይንዎ እንዲጠፋ የሚፈልጉትን ታግ ያድርጉት፦ «ጊት ታግ አርካይቭ/»ና የብራንቹ ስም፣ ቀጥሎ ብራንቹ ራሱ። ታጉን ፑሽ ያድርጉት፣ ከዚያ ብራንቹን ይሰርዙ። ኮሚቶቹ አይነኩም፣ የብራንቾች ዝርዝር ግን ይጸዳል። ታግ እንደማይበዛ አድርገው አያስቡ፤ በዓመት አንዴ ይጎብኟቸው።

ሰርቨሩ ላይ ሲደርሱ

እስካሁን የነኩት የራስዎን ማሽን ነው። ሰርቨሩ የሁሉም ነው፣ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ከተረጋገጠው ክምር ውጭ ያለውን በባለቤቱ ስም ከፋፍለው በቡድኑ ቴሌግራም ወይም ስላክ ላይ ይለጥፉ፣ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ያስቀምጡ። ዝም ያለ ሰው ፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ዝም ያለው ታግ ይሁን። የተከፈተ ፑል ሪኩዌስት ያለውን ብራንች በጭራሽ አይንኩ፤ ጊትሃብ ላይ ብራንቹ ሲሰረዝ ፑል ሪኩዌስቱም አብሮ ይዘጋል።

መሰረዣው «ጊት ፑሽ ኦሪጂን --ዲሊት»ና የብራንቹ ስም ነው። ዝርዝሩን ባወጡበትና በሚሰርዙበት ጊዜ መካከል ግን ሰው አዲስ ኮሚት ፑሽ ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ጥሩ መቆለፊያ አለ፦ «--ፎርስ-ዊዝ-ሊዝ=» ብለው የብራንቹን ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ መዝገብዎ ላይ ያለውን መለያ ይጻፉ፣ ከዚያ «ኦሪጂን»፣ ከዚያ በሁለት ነጥብ የሚጀምር የብራንቹን ስም። በሁለት ነጥብ ጀምሮ ከፊቱ ባዶ መተው ለጊት «ሰርዝ» ማለት ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው ብራንች አሁንም እርስዎ ባዩበት ኮሚት ላይ ከሆነ ይሰረዛል፤ ተንቀሳቅሶ ከሆነ ጊት እምቢ ይላል። «ፎርስ» የሚለው ስም ያስፈራል፣ ሥራው ግን ከዲሊት የበለጠ ጠንቃቃ ነው።

ለወደፊቱ እንዳይጠራቀም ጊትሃብ ላይ ፑል ሪኩዌስት መርጅ ሲሆን ብራንቹን በራሱ የሚሰርዝ ምርጫ በሪፖው ሴቲንግ ውስጥ አለ፤ ያብሩት። መመለሻ ቁልፉም በተዘጋው ፑል ሪኩዌስት ገጽ ላይ ይቀመጣል። ጊትላብም መርጅ ሪኩዌስቱ ላይ ተመሳሳይ ምልክት ማድረጊያ፣ በብራንቾች ገጹ ላይ ደግሞ መርጅ የተደረጉትን ባንዴ የሚያጸዳ ትዕዛዝ አለው። ይህን ካበሩ ስክሪፕትዎ የሚቀረው ሥራ የማሽኖቹና የተረሱት ብራንቾች ብቻ ነው።

በየሳምንቱ በራሱ እንዲሮጥ ከፈለጉ ሪፖርት ብቻ ያውጣ፣ አይሰርዝ። ጊትሃብ አክሽንስ ላይ የሚያስሮጡት ከሆነ የቼክአውት እርምጃው ሳይነግሩት የሚያወርደው የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ ነው፤ ታሪኩ በሌለበት «--መርጅድ»ም መርጅ-ቤዝም የሚሉት ነገር አይታመንም። «ፌች-ዴፕዝ» የሚለውን ዜሮ ያድርጉት።

ሰዓቱን ሲያስገቡ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ። ክሮን የሚያውቀው የ24 ሰዓት አቆጣጠርን ነው፣ ጊትሃብ አክሽንስም ካልነገሩት ሁሉን በዩቲሲ ያስባል። አዲስ አበባ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛ አነጋገር ደግሞ ከዚያ በ6 ይለያል። ሪፖርቱ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንዲደርስ ከፈለጉ በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው፣ በዩቲሲ 6። ስለዚህ ክሮኑ ላይ የሚጻፈው ደቂቃ 0፣ ሰዓት 6፣ ቀንና ወር ኮከብ፣ የሳምንቱ ቀን 1 ነው። 3 ብለው ከጻፉ ሰው ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳለ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ሦስቱም ክምሮች ባዶ በሆኑበት ሳምንት ደግሞ ምንም አይላክ።